ወረቀቱ በማን እጅ ነው? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከፉሪ ሲነበብ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተጻፈው ለመላው አገሪቱ ነው። እኔ ግን የማነበው ፉሪ ላይ ቆሜ ነው፤ ምክንያትም አለኝ። ፉሪ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ነው፤ አጠገቡ ያሉት ለቡና ጀሞ ደግሞ የአዲስ አበባ ናቸው። የጅቡቲው መስመር የባቡር ጣቢያ ራሱ ሁለቱን ስም አጣምሮ ፉሪ ለቡ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ሰዉ የአስተዳደር ወሰኑን ሳያስተውል ይሻገራል። አንዱ በሰርቪስ ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ፋብሪካዎች ይሄዳል፣ አንዱ በታክሲ ወደ መሀል ከተማ ይገባል፣ ሌላው እዚያው ሰፈሩ ወዳለ ብሎኬት ማምረቻ፣ እንጨት ቤት፣ ብየዳ ቤት ወይም ምግብ ቤት ይዘልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለተሰጠ አዋጁ ለሁሉም አንድ ነው። መብት ሲነካ የሚንኳኳው በር ግን አንድ አይደለም፤ ለቡ የሚሠራው ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሄድ ፉሪ የሚሠራው ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከፋብሪካ እስከ ጓሮ ወርክሾፕ ሁሉም ዓይነት አሠሪ ጎን ለጎን ባለበት በዚህ ሰፈር የአዋጁ የትኛው ክፍል በሥራ ላይ እንደሚውል፣ የትኛው ደግሞ ገጹ ላይ እንደሚቀር ቶሎ ይለያል።

አዋጅን እንደ አንድ የጽሑፍ ሥራ መገምገም ብዙም የተለመደ አይደለም። ስለ ሕግ ሲጻፍ አንቀጹ ምን እንደሚል ይብራራል፤ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ለጠበቆች ይተዋል። ይህ ጽሑፍ ግን ስንት ሰዓት እንደምንሠራ፣ መቼ እንደምናርፍ፣ ስንታመም ማን እንደሚከፍለን፣ ስንባረር ምን ይዘን እንደምንወጣ የሚወስን ነው። ሚሊዮኖች በየቀኑ የሚኖሩበት ጽሑፍ ቢያንስ ልብ ወለድ የሚነበበውን ያህል በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። አዋጁ በሠራተኛውና በአሠሪው መካከል ሚዛን ለመጠበቅ ከልቡ ሞክሯል፤ በብዙ አንቀጾቹም ተሳክቶለታል። ሚዛኑ የሚያዘነብለው መብቶቹ በተዘረዘሩበት ቦታ ሳይሆን ማስረጃው በማን እጅ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ይህ አዋጅ ከባዶ አልተነሣም። የ1954 ዓ.ም. ድንጋጌና እሱን የተካው የ1956ቱ አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛን የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት በሕግ አወቁ። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ አገር አቀፍ አድማ ሲጠራ መንግሥት የሠራተኛን ድምፅ ችላ ማለት እንደማይችል ታየ። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 64/1968 ሠራተኛውን በስም ከፍ አድርጎ ማኅበሩን ከራሱ ጋር አሠረው። የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ሕጉን ለገበያ ኢኮኖሚ አመቻቸ፤ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ደግሞ እሱን ተካ። የአሁኑ አዋጅ ረቂቅ በነበረበት ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጠንከር ያለ ተቃውሞ አሰምቷል፤ አሠሪዎችም በበኩላቸው ገፍተዋል፤ ለውጭ ባለሀብት በሯን በሰፊው የከፈተች አገር ፍላጎትም ከጀርባው ነበር። መግቢያው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ለኢንቨስትመንት አመቺ ሁኔታ መፍጠርን ይጠቅስና ወዲያው የሠራተኛው መሠረታዊ መብት ለዚህ ሲባል መሥዋዕት እንደማይሆን ያክላል። ጽሑፉ የብዙ እጅ ሥራ ነው። በጥሞና ያነበበው ሰው አንዱ ምን ሰጥቶ ምን እንደተቀበለ ከአንቀጾቹ ውስጥ ለቅሞ ሊያወጣ ይችላል።

ድርድሩ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የትርፍ ሰዓት ክፍል ላይ ነው። በቀድሞው ሕግ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት መብለጥ አይችልም ነበር። አዲሱ አዋጅ የወሩንና የዓመቱን ጣሪያ አንሥቶ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ብሎ ወሰነ። በምላሹ ክፍያው አደገ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው መደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.25 ይባዛ የነበረው በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው ደግሞ በ1.5 ይባዛ የነበረው በ1.75 እንዲባዛ ተደረገ። ሠራተኛው ዋጋ አገኘ፣ አሠሪው ሰዓት አገኘ። ልውውጡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በሳምንት 12 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢቀጥል ከ600 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ የቀድሞው ጣሪያ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ከ48ቱ መደበኛ ሰዓት ጋር ሲደመር በሳምንት 60 ሰዓት ይሞላል። በእርግጥ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በማንኛውም ጊዜ አይፈቅድም፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖርና የቀረ ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ብቻ ነው የሚለው። ነገር ግን ትእዛዝ በተከመረበት ፋብሪካ አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ የለም። የዓመቱ ጣሪያ መኖሩ የሠራተኛው ጉልበት መጨረሻ እንዳለው የሚያስታውስ ቁጥር ነበር፤ መነሣቱ ያሳዝነኛል።

የዓመት ዕረፍቱም እንዲሁ ሲያዩት የተጨመረ ይመስላል። የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል። ቀድሞ ግን በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር የነበረው አሁን በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በአሮጌው ስሌት 23 ቀን ይደርሰው ነበር፤ በአዲሱ 20 ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ ሁለቱ ይተካከላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አሮጌው ይሻላል። አዲስ ገቢው ተጠቀመ፣ ነባሩ ከፈለ። ጠንካራ ማኅበር ያለበት ድርጅት በኅብረት ስምምነት የተሻለ ቀን ሊያስከብር ይችላል፤ ማኅበር የሌለበት ግን የሚያገኘው አዋጁ ያስቀመጠውን ነው።

ያለ ምንም ማቅማማት የማመሰግናቸው ክፍሎች አሉ። አዋጁ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ተርጉሞ ከልክሏል፤ ይህ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ እንድትችልም አድርጓል። በቀድሞው ሕግ ይህ ዓይነት በደል ስም እንኳ አልነበረውም። ልጅ ለተወለደለት አባት 3 ተከታታይ ቀን ተሰጥቷል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጅምር ነው። የወሊድ ፈቃድም ሰፍቷል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ለእናትና ለጨቅላው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከፋዩ ማነው ሲባል ግን ያው አንዱ አሠሪ ብቻ ነው። ሦስት መቶ ሴቶች የሚሠሩበት ፋብሪካ ወጪውን በጀቱ ውስጥ ያካትተዋል። አምስት ሰው ይዛ ምግብ ቤት የከፈተች ሴት ግን የአራት ወር ከግማሽ ያህል ደመወዝ ለማትሠራ ሠራተኛ እየከፈለች ምትክ መቅጠር አለባት። ምን እንደምታደርግ ፉሪ ውስጥ ማንም ያውቃል፤ ያገባች ወጣት ሴት መቅጠር ትታ ወንድ ትፈልጋለች። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 የወሊድ ክፍያ ሸክም በመርህ ደረጃ በአንድ አሠሪ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፣ በማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን የሚመክረው ለዚህ ነው። የእኛ አዋጅ ለጋስ የሆነው በሌላ ሰው ኪስ ነው። ይህ ልማድ ሌላም ቦታ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ሲከለክል የሥራ አጥነት መድን በሌለበት አገር ሸክሙን የተሸከመው ሥራው የቆመበት ባለቤት ነበር። ሠራተኛን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ጥበቃው በጋራ ኪስ ካልታገዘ ግን ትንሹን አሠሪ ከሕጉ እንዲሸሽ ያደርገዋል።

አዋጁ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው የሥራ ቦታ የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት ሰበታ ድረስ መሄድ ነው። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ ተሸጠ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ካስቴል፣ ማለትም ወደ ቢጂአይ ተዛወረ። አዋጁ የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም ይላል፤ ባለቤቱ ሲለዋወጥ የሠራተኛው ውልና የአገልግሎት ዘመን ይቀጥላል። ይህ ግሩም ድንጋጌ ነው፤ ፋብሪካ የሚሸጥ የሚለወጥ ቢሆንም ሠራተኛው አብሮ እንደ ዕቃ እንዳይጣል ይከላከላል። የሚሠራው ግን የሠራተኛ ማኅበር፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሰው ኃይል አስተዳደርና የግል ማኅደር ባለበት ድርጅት ነው። የአዋጁ ዐረፍተ ነገሮች በሙሉ እንዲህ ያለ ድርጅት ከፊታቸው አድርገው የተጻፉ ይመስላሉ። በዚሁ መስመር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀምሮ ሺዎችን የቀጠረው አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ በብድር ዕዳ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ ሲገባ እንዳየነው ትልቅ ፋብሪካም ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አይደለም። ቢሆንም እዚያ ያለ ሠራተኛ ቢያንስ የቅጥር ደብዳቤ፣ ፔሮልና የጡረታ ቁጥር አለው። የፉሪ ብዙኃን ሠራተኛ ይህ ሁሉ የለውም።

እንበል አንድ ወጣት ከገጠር መጥቶ በአገሩ ልጅ አማካይነት ፉሪ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ገባ። ውሉ በቃል ነው። አዋጁ ይህን አይቃወምም፤ የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። እንዲያውም የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ነው፤ በጽሑፍ ቢሆንም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ስለዚህ በቃል የገባው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ሙከራ የተቀጠረ ነው። የተወሰነ ጊዜ ውል መሆኑ ካልታየ ደግሞ ሕጉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተቀጠረ ይቆጥረዋል። እስከዚህ ድረስ አዋጁ ከልጁ ጎን ቆሟል፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ለመስጠት የሚደፍር ሕግ ብዙ አይደለም። ደመወዙ በእጁ ይሰጠዋል። አንዳንድ ቀን እስከ ምሽት ይቆያል። በስምንተኛው ወር ማምረቻው በር ላይ ሲደርስ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ይነገረዋል።

ይህ ሕገ ወጥ ስንብት ነው። ለስንብት በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚበቁት ጥፋቶች ተዘርዝረዋል። ማርፈድ እንኳ በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲሆንና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበት ሲሆን ነው፤ ከሥራ መቅረትም በስድስት ወር ውስጥ 5 ቀን ሲሞላና እንዲሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲታጀብ። ፍርድ ቤት ልጁ ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ እንዲያገኝ ሊወስን ይችላል። የመጨረሻ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ቢዘገይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከትል ይችላል። በገጹ ላይ ልጁ አሸንፏል።

ችሎት ሲቀርብ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው። እዚያ መሥራቱን፣ ስንት ብር ይከፈለው እንደነበር፣ ስንት ምሽት እንደቆየ ማስረዳት አለበት። ከሁሉም በላይ መሰናበቱን ማስረዳት አለበት፤ የአሠሪው የተለመደ መልስ ልጁን ማንም አላባረረውም፣ ራሱ ጠፋ የሚል ነውና። መሰናበቱ ከታወቀ በቂ ምክንያት እንደነበር ማስረዳት የአሠሪው ሸክም ይሆናል። እዚያ ድረስ መድረስ ግን የልጁ ዕዳ ነው። ምስክር መጥራት ይችላል፤ ምስክሮቹ ግን ነገ ጠዋት ወደዚያው ማምረቻ የሚገቡ ጓደኞቹ ናቸው። እንጀራቸውን አሲዘው እንዲመሰክሩለት መጠየቅ ለእሱም ለእነሱም ይከብዳል።

ሰዓቱም ይቆጥራል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። የኋለኛው በተለይ ይከነክነኛል። ይርጋው የሚቆጠረው ክፍያው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ሥራ ላይ እያለ ትርፍ ሰዓቴን ክፈለኝ ለማለት የፈራ ሠራተኛ ዝም ባለ ቁጥር የኋላ የኋላውን እያጣ ይሄዳል። ዝምታው ግን በፈቃዱ አይደለም፤ ቢናገር እንደሚባረር ያውቃል። አዋጁ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም ብሎ በሌላ አንቀጽ መጻፉ ይህን ፍርሃት አውቆታል ማለት ነው፤ ይርጋውን ሲጽፍ ግን ረሳው።

ለዚህ ሁሉ አዋጁ ራሱ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። የክፍያ መዝገብ፣ የዕረፍትና የፈቃድ መዝገብ እንዲይዝም ያስገድዳል። አሠሪው ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። መብቱን አያጣም ማለት ማስረጃ ያገኛል ማለት አይደለም። ደብዳቤውን ያልሰጠ አሠሪ ችሎት ፊት ደብዳቤ ከሰጠው የተሻለ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የጻፈው በጻፈው ይያዛል፣ ያልጻፈው ይክዳል።

ጎረቤት ኬንያ ይህን ቀዳዳ አይታለች። የ2007ቱ የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ አሠሪው የጽሑፍ ውሉን ወይም ዝርዝሩን ችሎት ማቅረብ ካልቻለ ሠራተኛው አለ የሚለውን የውል ቃል የማስረዳት ወይም የማስተባበል ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል ይላል። አንድ ንዑስ አንቀጽ ናት። ለአሠሪው አዲስ ወጪ አታስከትልም፤ ለሠራተኛውም አዲስ መብት አትሰጥም። የምታደርገው መዝገብ የመያዝን ግዴታ ትርጉም እንዲኖረው ማድረግ ብቻ ነው። አዋጅ 1156ን ለማሻሻል አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ከወሊድም ከትርፍ ሰዓትም በፊት ይህችን እመርጣለሁ። ትንሹን አሠሪም ትጠቅመዋለች። ወር በገባ ቁጥር ደመወዙን በእጁ ቆጥሮ የሰጠ ቅን ባለ እንጨት ቤት ሠራተኛው ቢክደው መክፈሉን የሚያሳይበት ወረቀት ዛሬ የለውም። ፔሮል ማስፈረም የለመደ ሰው ሲከሰስም የሚያቀርበው ነገር አለው።

የአሠሪው ብሶት እዚህ ላይ መሰማት አለበት። ሠራተኛ ያለ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጥሎ ቢሄድ ሕጉ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሳ ይክፈል ይላል። አድራሻው የማይታወቅን ልጅ ለአንድ ወር ደመወዝ ብሎ የሚከስ ባለ ወርክሾፕ የለም። ስልጠና ሰጥቶት፣ ማሽን አስጨብጦት በበዓል ማግስት ይጠፋበታል፤ ትእዛዙ ይዘገያል፣ ደንበኛው ይርቃል። በዚህ ምክንያት አሠሪው የራሱን ሕግ ሠርቷል፤ ተያዥ። ፉሪም ሆነ ቡራዩ፣ ሰበታም ሆነ ሱሉልታ ተያዥ ሳይዝ ጥበቃ ወይም ገንዘብ ተቀባይ ልሁን የሚል ሰው ሥራ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ተያዥ የሚመራው በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዋስትና ድንጋጌዎች እንጂ በሠራተኛ ሕጉ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ሙሉ በሙሉ የሥራ ግንኙነት ጉዳይ ነው። ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ የመጣ፣ የሚያውቀው ደመወዝተኛ ያጣ ወጣት ከሥራ ውጭ ይሆናል። የያዘለት ዘመድ ደግሞ ልጁ በደል ሲደርስበት ክስ እንዳይመሠርት የሚማጸን የመጀመሪያው ሰው ነው። ሲወጣም ክሊራንስ ጨርስ ይባልና የሥራ ልምድ ደብዳቤው ይያዝበታል፤ አዋጁ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ይሰጠው ቢልም። በሕግ ያልታየው ይህ የዋስትና ሥርዓት ከብዙ የአዋጁ አንቀጾች ይልቅ የሰፈራችንን ሠራተኛ ሕይወት ይገዛል። ለአሠሪው ስጋት ተመጣጣኝ የሆነ፣ ለሠራተኛው ደግሞ ገደብ ያለው ድንጋጌ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ስለ ደመወዝ ልክ አዋጁ የሚለው በጣም ጥቂት ነው። ስለ ስንብት ገጽ በገጽ ይተነትናል፤ ጉልበት ቢያንስ በስንት ይሸጥ የሚለውን ግን አንቀጽ 55 ላይ ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ አስተላልፎታል። መንግሥት፣ ሠራተኞችና አሠሪዎች የሚወከሉበት ቦርድ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያ እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል፤ ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል። ለዘመናት ሲጠየቅ የኖረ ጉዳይ በሕግ መጠቀሱ ድል ነበር። ነገር ግን አዋጁ ቦርዱ መቼ ይቋቋም የሚል ቀን አልቆረጠም፤ ከወጣ ከዓመታት በኋላም የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖረው ቆይቷል። አዋጁ በወጣበት ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ ጽፈው ነበር። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ግን ወለል አለው፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አሳድጓል። አንድ ሚኒስቴር ውስጥ ለምትጠርግ ሴት የሚታወቅ ቁጥር ካለ ፉሪ ምግብ ቤት ውስጥ ለምትጠርገው የማይኖርበት ምክንያት አይታየኝም። አሠሪዎች ወለሉ ከፍ ቢል ሥራ ይዘጋል ብለው የሚያቀርቡት ስጋት ባዶ አይደለም፤ ስጋቱን በጥናት የሚመዝነው ግን ያ ቦርድ ነበር።

ከአዋጁ ጨርሶ የቀሩም አሉ። በፉሪ ኮንዶሚኒየሞችና ቪላዎች የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች የግል አገልግሎት በሚል ከአዋጁ ወሰን ውጭ ተደርገዋል። የሥራ ሁኔታቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንደሚወስን ይነገራል። ይህን ተስፋ የ1985ቱም አዋጅ ሰጥቶ ነበር፤ የ1996ቱ ደገመው፤ የ2011ዱ ሠለሰው። በመካከሉ የእነዚህ ልጆች ሥራ የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ነው። ይኸው መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለምትሄደው ልጅ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ከተቀባይ አገር ጋር ስምምነት እንዲኖር፣ የሥራ ውሏ እንዲጸድቅ፣ መድን እንዲገባላት ደንግጓል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለምትሠራው የጠየቅነውን ጥበቃ ፉሪ ኩሽና ውስጥ ላለችው መንፈግ ለእኔ ከአዋጁ ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ነው። ስምንት ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የታመመችበት ቀን፣ ደመወዟ በእጇ መግባቱ፤ እነዚህን አራት ነገር ለመጻፍ ሦስት አሥርት ዓመት አያስፈልግም።

አዋጁ ሰው ጋር ይደርሳል ወይ የሚለውም የሥራው ጥራት አካል ነው። የፌዴራል ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። በፉሪ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግን ብዙው ሠራተኛ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ከደቡብ የመጣውም የራሱ ቋንቋ አለው። ችሎቱ በኦሮምኛ፣ ሕጉ በአማርኛ፣ ሠራተኛው በወላይትኛ የሚገናኙበት ክርክር እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። ተቆጣጣሪዎች ወደ ማንኛውም የሥራ ቦታ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ የመግባት ሥልጣን አላቸው። የሸገር ከተማ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ብሎኬት ማምረቻና ብየዳ ቤት ቢገቡ፣ ሲገቡም ሰዓትን፣ የሳምንት ዕረፍትን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና የ15 ቀኑን ደብዳቤ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በኦሮምኛና በአማርኛ ለጥፈው ቢወጡ፣ ብዙው ክርክር ችሎት ሳይደርስ ያልቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ድንጋጌ ደግሞ አንቀጽ 114 ላይ አለ። በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኛ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ስድስትና ሰባት ሰው የሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ማኅበር የማይታሰብ ይመስላል። አዋጁ ግን ከአሥር በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ የአምስት ብሎኬት ማምረቻ ሠራተኞች አንድ ማኅበር ሊሆኑ ይችላሉ። ማኅበሩ ሲኖር ለተሰናበተው ልጅ የሚመሰክሩት ብቻቸውን አይቆሙም፤ ለ15 ቀኑ ደብዳቤም የሚጠይቅ ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው አሥር ሰው፣ መተዳደሪያ ደንብና ምዝገባ ነው።